14 ሰዓት ከ52 ደቂቃ የሚፈጅ የዋሽንግተን በረራ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጉዞ አምዳችሁ ላይ የአዲስ አበባ–ዋሽንግተንን በረራ በአንድ መስመር አስቀምጣችሁታል፦ ርቀት 7,180 ማይል፣ የጉዞ ጊዜ 14 ሰዓት ከ52 ደቂቃ። ርቀቱ ልክ ነው። ሰዓቱ ግን ከቦሌ ወደ ዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ደለስ ለሚሄደውም ሆነ ከደለስ ወደ ቦሌ ለሚመጣው አይሠራም። ለሄያጁ ሁለት ሰዓት ያህል ያንሰዋል፤ ለተመላሹ ሁለት ሰዓት ያህል ይበዛበታል።

ቁጥሩ ከየት እንደተገኘ ለመገመት አያስቸግርም። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ የርቀት ማስያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ቀመር አለ፤ ርቀቱን ለ500 ማይል ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ይጨምሩበታል። 7,180 ለ500 ሲካፈል 14.36 ሰዓት፣ ማለትም 14 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ሠላሳዋ ደቂቃ ስትደመር የእናንተ ቁጥር ቁጭ ይላል። ማስያው ነፋስ አያውቅም፤ ቦሌ ከፍታ ላይ መሆኑን አያውቅም፤ የተዘጋ ሰማይም አያውቅም። በዚህ መስመር ላይ ደግሞ ሰዓቱን የሚወስኑት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ስለ ርቀቱ ጥቂት እንበል፤ ልክ ቢሆንም አጻጻፉ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። ቦሌ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.8 ዲግሪ ላይ ነው። ደለስ በሰሜን 38.9፣ በምዕራብ 77.5 ላይ ይገኛል። በሁለቱ መካከል በመሬት ሉል ላይ ያለው አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይኸው ርቀት በየብስ ማይል 7,180፣ አብራሪዎች በሚሠሩበት በባሕር ማይል ደግሞ 6,240 ይሆናል። የየብሱ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር፣ የባሕሩ 1.852 ኪሎ ሜትር ነውና ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስህተት አይደለም። 6,240 የሚለውን ከበረራ ሰነድ ላይ አንብቦ በ1.609 የሚያባዛ ጸሐፊ 10,040 ኪሎ ሜትር ያገኛል። ጠፍቶ የቀረው 1,520 ኪሎ ሜትር ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ካለው ርቀት ይበልጣል። ስለዚህ በኪሎ ሜትር ጻፉት፤ አገሩ የሚለካው በኪሎ ሜትር ነው።

ከጽሑፉ ጎን ያወጣችሁት ካርታ ላይም በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር አለ። በዚያ መስመር የሚሄድ አውሮፕላን በቻድ፣ በኒጀርና በሰሜን ማሊ አድርጎ ወደ አትላንቲክ ይወጣል፤ 12,090 ኪሎ ሜትር ያህልም ይበርራል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታይ መንገድ በሉሉ ላይ ረጅም ነው። ትምህርት ቤት ባለው ሉል ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥራችሁ ብታዩ፣ ክሩ በሱዳንና በሊቢያ ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣና በአልጄሪያ በኩል የሜዲትራኒያንን ባሕር ይሻገራል። ከዚያ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ አትላንቲክ ላይ እስከ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ድረስ ከፍ ይልና ወደ አሜሪካ ይወርዳል። አውሮፕላኑ አውሮፓን የሚነካው ለዚህ ነው፤ «ለምን ዞሮ ይሄዳል?» ለሚለው የተለመደ ጥያቄ መልሱ፣ አልዞረም ነው።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ቦይንግ 787ም ሆነ ኤርባስ ኤ350 በረጅም በረራ ላይ የሚጓዙት የድምፅን ፍጥነት 85 በመቶ ይዘው ነው። ይህም በዚያ ከፍታ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ፍጥነት አየሩን ተመርኩዞ የሚለካ ነው፤ አየሩ ራሱ ደግሞ ይሄዳል። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በአውሮፓና በሰሜን አትላንቲክ ኬክሮስ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። መሐሉ ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ማለፉ ብርቅ አይደለም። በመንገዱ በሙሉ ሲታሰብ አማካዩ ይቀንሳል፤ በደቡቡ ግማሽ ላይ ነፋሱ ደካማ ነውና። አማካዩን 50 ኪሎ ሜትር ብቻ አድርገን ብንወስድ እንኳ፣ ወደ ምሥራቅ የሚመጣው በመሬት ላይ 950 ይዞ 11,560ውን በ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይጨርሳል። ወደ ምዕራብ የሚሄደው 850 ይዞ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይወስድበታል። በነፋስ ብቻ አንድ ሰዓት ከ26 ደቂቃ ልዩነት መጣ ማለት ነው። በታኅሣሥና በጥር ጄት ስትሪም ስለሚበረታ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በክረምታችን ወራት ይጠብባል።

ይህ ገና በአየር ላይ ያለው ጊዜ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቀነቀበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ነው። መሬት ላይ መንዳቱ፣ መውጫና መውረጃው ላይ ፍጥነት መቀነሱ ተደምሮ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጨምራል። የደለስ–ቦሌ በረራ ሳያርፍ ሲመጣ 13 ሰዓት ገደማ የሚሆነው በዚህ ሒሳብ ነው።

ታዲያ የሄያጁ ለምን 14 ከምናምን ሆኖ አይቀርም? እዚህ ላይ ነው ማስያው ከነአካቴው የሚስተው። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚነሣው አውሮፕላን መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም፤ ተሳፋሪውም አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው አይነሣም። በዚህ የተነሣ ትኬቱን የሚገዛው ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ምክንያቱ የአውሮፕላኑ አቅም ማነስ አይደለም፤ ያው አውሮፕላን ሲመለስ ሳያርፍ ይመጣል። ምክንያቱ ቦሌ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል። ደለስ 95 ሜትር ላይ ነው። በቦሌ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት መፍጠን ያስፈልጋል። ጠረፍ ላይ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሣ አውሮፕላን፣ በዚያው ክብደት ቦሌ ላይ 345 አካባቢ መድረስ አለበት። ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ወደዚያ ፍጥነት ለመድረስ የሚፈጀው መንደርደሪያም ይረዝማል። የቦሌ ሁለቱ መንደርደሪያዎች 3,800 እና 3,700 ሜትር ናቸው። አጭር የሚባሉ አይደሉም፤ ለዚህ ከፍታና ለሙሉ ነዳጅ ግን አይተርፉም።

ርዝመቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ሲሚንቶና አስፋልት ነበር። ሌሎች ሦስት ገደቦች አሉ። አንደኛው ጎማ ነው፤ የትልልቅ አውሮፕላኖች ጎማ በአብዛኛው በሰዓት 378 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ የፍጥነት ጣሪያ አለው። ክብደቱ ሲጨምር የመነሻ ፍጥነቱም ስለሚጨምር ቦሌ ላይ ወደዚያ ጣሪያ መጠጋት ቀላል ነው። ሁለተኛው ፍሬን ነው፤ አብራሪው በመጨረሻዋ ሰከንድ መነሣቱን ቢሰርዝ ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ከጠረፍ ይልቅ እዚህ በ30 በመቶ ያህል ይበልጣል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሲነሣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ በቀረው ሞተር ብቻ ጎማውን ሰብስቦ ቢያንስ በ2.4 በመቶ ዳገት መውጣት እንደሚችል በቅድሚያ መሰላት አለበት። በሰሜን በኩል 3,200 ሜትር የሚደርሰው እንጦጦ እንዳለ አትርሱ። ከሦስቱ መጀመሪያ የሚነካው ገደብ የዚያን ቀን የመነሻ ክብደት ይወስናል። ሙቀትም ይገባበታል፤ ሌሊት 12 ዲግሪ ሆኖ ቀን 24 ቢደርስ የአየሩ እፍጋት ሌላ 4 በመቶ ይቀንሳል። የሩቅ መንገድ በረራዎች በምሽት እንዲነሡ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ነዳጁን እንመዝነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን በሰዓት ከ5 እስከ 6 ቶን ያህል ይጨርሳል። ሳያርፍ ወደ ዋሽንግተን ይሂድ ቢባል፣ የመንገዱ ፍጆታ፣ ለድንገተኛ የሚያዘው 5 በመቶ፣ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርሰውና የመጨረሻው የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ተደምሮ 80 ቶን አካባቢ ይደርሳል። በመጨረሻዎቹ ሰዓታት የሚቃጠለውን ነዳጅ እስከዚያ ተሸክሞ ለመድረስ ደግሞ ራሱ ሌላ ነዳጅ ያስወጣል። ይህን ሁሉ ከነተሳፋሪውና ከነሻንጣው ቦሌ ላይ ማንሣት አይቻልም፤ ነዳጁ ይሞላ ከተባለ ተሳፋሪ መቀነስ ነው፤ ያ ደግሞ ለአየር መንገዱ ኪሳራ ነው። ከነዳጅ መቆሚያዎቹ አንዷ እስከሆነችው የአየርላንዷ ደብሊን ድረስ ብቻ የሚያስፈልገው ግን ከ50 ቶን ብዙም አያልፍም። የ30 ቶን ቅናሽ ማለት አውሮፕላኑ ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ይነሣል ማለት ነው።

ለማነጻጸር ናይሮቢን ውሰዱ። የኬንያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ ከጥቅምት 28 ቀን 2018 ጀምሮ ከናይሮቢ ኒውዮርክ ሳያርፍ ይበርራል። ርቀቱ 11,840 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 280 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ነገር ግን የናይሮቢው አውሮፕላን ማረፊያ ጆሞ ኬንያታ 1,624 ሜትር ላይ ነው፤ ከቦሌ 710 ሜትር ዝቅ ይላል። መንደርደሪያውም 4,117 ሜትር ነው። የሚረዝመው መንገድ ሳያርፉ ይኬዳል፤ የሚያጥረው አይቻልም። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚሠራው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ ለዚህ መስመር ትርጉም የሚኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጋዜጦች ስለ ተርሚናሉ ስፋት ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ከፍታው የጻፉት ግን ጥቂት ነው።

የመቆሚያው ቦታ ምርጫም በሰዓቱ ላይ ይንጸባረቃል። በደብሊን በኩል ሲኬድ የመጀመሪያው የበረራ ክፍል 6,365፣ ሁለተኛው 5,465፣ ድምሩ 11,830 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአጭሩ መስመር 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ይበልጣል። በሮም በኩል 11,710 ነው፤ ጭማሪው 150። በቶጎ ሎሜ በኩል ግን 12,750 ይደርሳል፤ 1,190 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ፣ ማለትም በበረራ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ። ሎሜ የሚመረጠው ለነዳጅ ብቻ አይደለም፤ የአስካይ አየር መንገድ መናኸሪያ በመሆኑ የምዕራብ አፍሪካ ተሳፋሪ እዚያ ይሰበሰባል። ትኬት ስትገዙ መቆሚያው የት እንደሆነ መጠየቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ «አንድ መቆሚያ» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የትም ይሁን፣ መውረዱ፣ አንድ ሰዓት ያህል መሬት ላይ መቆየቱና እንደገና መውጣቱ በጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይበላል። የሄያጁ ጉዞ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ተኩል የሚሆነው እንዲህ ነው።

የተዘጋው ሰማይ ጉዳይ ደግሞ አለ። ከላይ የጠቀስነው የሉሉ ክር በሱዳንና በሊቢያ ላይ ያልፋል። የሊቢያን ሰማይ ብዙ አገሮች አየር መንገዶቻቸው እንዳይገቡበት ከከለከሉ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ጦርነት ሲጀመር ሰማዩ ለሲቪል በረራ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች በቀይ ባሕር አካባቢና በግብፅ በኩል ለመዞር ተገደዋል። በቀይ ባሕር ወጥቶ በእስክንድርያ አካባቢ ሜዲትራኒያንን ይዞ የሚኬደው መንገድ 11,900 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጭማሪው 350 ኪሎ ሜትር፣ 25 ደቂቃ ያህል ነው። የዛሬ አሥር ዓመት የወጣ የበረራ ሰንጠረዥ እያያችሁ «ድሮ ይፈጥን ነበር» ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

የመጨረሻው ጉዳይ የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አስተያየት በገጻችሁ ላይ ሰፊውን ቦታ ማግኘት ያለበት ይህ ነበር፤ ሰው አውሮፕላን የሚያመልጠው በዚህ ነውና። ትኬት ላይ ያለው መነሻም መድረሻም በየከተማው ሰዓት ነው። ሁለቱን ቀንሶ የጉዞ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። ለምሳሌ ሰኞ 22:15 ከቦሌ ተነሥቶ ማክሰኞ 08:00 ደለስ የሚያርፍ በረራ የ9 ሰዓት ከ45 ጉዞ ይመስላል። የአሜሪካ የበጋ ሰዓት በሚሠራበት ወቅት ልዩነቱ 7 ሰዓት ስለሆነ እውነተኛው ጊዜ 16 ሰዓት ከ45 ነው። ሲያርፍ አዲስ አበባ ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ተመላሹ በዚሁ ወቅት ከደለስ 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ ቢገባ 20 ሰዓት ይመስላል፤ 7ቱ ሲቀነስ 13 ይሆናል። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት የሚገፉት በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ በእኛ የካቲት ማብቂያ ወይም መጋቢት መባቻ ላይ ይውላል። የሚመልሱት በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ በእኛ ጥቅምት ማብቂያ አካባቢ። ከዚያ እስከ ማርች ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። እኛ ሰዓት ስለማንነካ አየር መንገዶች ከሁለቱ የአንዱን ከተማ ሰዓት ያዛውራሉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ትኬት ያለው ሰው ሰዓቱን እንደገና ማየት አለበት።

ከዚህ የሚብሰው የሌሊቱ ነው። በፈረንጆቹ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ አነጋገር ግን ሲነጋ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ ቴል አቪቭ ከቦሌ የሚነሡ ብዙ በረራዎች በእኩለ ሌሊት ዙሪያ ናቸው። ትኬቱ «ሐሙስ 00:40» ሲል፣ ያ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡40 ነው። ተጓዡ ቦሌ መገኘት ያለበት ረቡዕ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣውን ጭኖ ሲመጣ አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ ሰዓት አልፎታል። በዚህ ላይ «6፡40»ን ከጠዋቱ 06:40 ጋር የሚያምታታ አለ፤ ቀኑን ከአውሮፓ ወደ ኢትዮጵያ ሲለውጥ አንድ ቀን የሚያዛንፍ አለ። ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ማንኛውም በረራ ሲጻፍ ከሁለቱም ቀኖች ጋር፣ «ለ… አጥቢያ» ተብሎ ቢጻፍ ጥርጣሬው ያልቃል። ትኬት ቆራጮችም ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ቢጽፉት አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

ዋሽንግተን ለሚቀበሉ ቤተሰቦችም አንድ ነገር፦ ደለስ ያለው ቨርጂንያ ውስጥ ነው፤ ከከተማው መሐል 42 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እ.ኤ.አ ከኅዳር 2022 ጀምሮ ሜትሮው እዚያ ድረስ ይገባል። አውሮፕላኑ 08:00 ቢያርፍ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ ስላለ 09:30 ሳይሆን ተጓዡ በር ላይ ብቅ ይላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሰንጠረዡን ስታርሙ መስመሩ ሁለት መሆን አለበት። አዲስ አበባ–ዋሽንግተን፦ አጭሩ ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር፣ አንድ የነዳጅ መቆሚያ፣ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ተኩል። ዋሽንግተን–አዲስ አበባ፦ ያው ርቀት፣ ያለ መቆሚያ፣ 13 ሰዓት ገደማ። ካርታውን ለሚሠራው ባልደረባችሁም መስመሩን በአልጄሪያ በኩል ወደ ሰሜን እንዲያጎብጠው ንገሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በበረራ ዕቅድ ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ፣ ከአዲስ አበባ